ከካርቱም ተይዘው የመጡት ሦስት ግቦች



የትግልን ዋጋ በዕለቱ ውጤት ብቻ የሚመዝን ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ያሸነፈ ሁሉ በሚገባ ታገለ አይባልም፤ የተሸነፈም ሁሉ ባዶ እጁን ተመለሰ አይባልም። ይህን እውነት ለማስረዳት ዛሬ የምናነሣው የጦር ሜዳ ታሪክ ሳይሆን፣ በየቤታችን አባትና ልጅ፣ ባልና ሚስት አብረው የሚከታተሉትን የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ስፍራውም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ካርቱም ናት።

ካርቱም ለኢትዮጵያ እግር ኳስ እንግዳ ከተማ አይደለችም። በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር በመሥራችነት የተቀመጠችው እዚያ ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ወር፣ በዚያው ከተማ ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ውጭ ስትሆን፣ ከእርሷ ጋር ተደልድሎ የነበረው ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ። የካቲት 9 ቀን ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ የተባለው ተጫዋች ብቻውን ነበር። በ1962 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ ሱዳን ሲመለስም ቡድናችን በካርቱም ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ሦስቱንም ተሸነፈ፤ ከእነዚህም አንዱ በኮትዲቯር የደረሰበት የ6 ለ 1 ሽንፈት ነው። እንግዲህ ካርቱም ለእኛ የክብርም፣ የመራራ ትምህርትም ስፍራ ሆና ኖራለች።

ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። ለአፍሪካ ዋንጫ የሚደረገው ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ በምድብ ነው። ቡድኖች በየምድባቸው ተደልድለው እየተዘዋወሩ ስለሚጋጠሙ፣ አንድ ቀን የወደቀ በሌላ ቀን የመነሣት ዕድል አለው። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው ዋንጫ ግን ካለፈው ውድድር በኋላ ገና ዓመት ሳይሞላው ስለመጣ ጊዜው አጠረ፤ ማጣሪያውም በደርሶ መልስ እንዲሆን ተወሰነ። አንድ ጨዋታ በውጭ፣ አንድ ጨዋታ በሜዳ፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ቤኒንን ገጥማ፣ አዲስ አበባ ላይ ያለ ግብ፣ ቤኒን ላይ 1 ለ 1 ወጥታ፣ ከሜዳዋ ውጭ ባስቆጠረቻት በዚያች አንዲት ግብ አለፈች። ቀጥሎ የደረሳት ሱዳን ነበር።

ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ካርቱም ላይ ሱዳን 5 ኢትዮጵያ 3 ሆነ።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲሰማ በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «አምስት ገብቶብን ስለ ሦስቱ ምን ያስወራል?» የሚል። መልሱ በጣት ተቆጥሮ የሚታይ ነው። በውድድሩ ደንብ መሠረት የሁለቱ ጨዋታዎች ድምር እኩል ከሆነ፣ በባዕድ ሜዳ ብዙ ያገባው ቡድን ያልፋል። ቡድናችን ካርቱም ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ያው ሁለት ነበር፤ ነገር ግን በመልሱ ጨዋታ 2 ለ 0 ማሸነፍ እኩል ያደርገው እንጂ አያሳልፈውም ነበር። 5 ለ 2 ቢሆን ደግሞ ይኸው 2 ለ 0 ከቶ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ከሦስቱ ግቦች አንዲቷ እንኳ ብትጎድል ነገሩ ሁሉ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። አምስት ግብ የገባበት ቡድን «በቃ፣ አለቀልን» ብሎ እጁን አጣጥፎ ቢሆን ኖሮ የኋላው ደስታ ባልመጣ።

ከ36 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን ገጠመ። አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰዒድ አንድ አገቡ፤ በራችንም ሳይደፈር ዋለ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ከካርቱም የመጡት ሦስት ግቦችም ሚዛኑን ወደ እኛ አጋደሉት። ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያ ውድድር ወዲህ ለ31 ዓመታት የራቀን የአፍሪካ ዋንጫ በዚያች ዕለት ተመለሰ። በደቡብ አፍሪካ ቡድናችን ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ቢለያይም፣ በቡርኪና ፋሶና በናይጄሪያ ተሸንፎ ከምድቡ ሳያልፍ ቀርቷል። ይህ የመመለሱን ዋጋ አይቀንሰውም።

ወታደር ይህን ትምህርት ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ቦታ ለቆ ማፈግፈግ ግድ ሲሆን፣ ቁስለኛውንና መሣሪያውን ይዞ በሥርዓት የሚያፈገፍግ ክፍል ለነገው መልሶ ማጥቃት ስንቁን ይዟል፤ ሁሉን ጥሎ የሚበተነው ግን ነገውንም አብሮ ጥሏል። በቡድኑ ውስጥ የነበረ እያንዳንዱ ሰው በሽንፈት ሰዓት የሠራው ሥራ፣ በድሉ ቀን ተቆጥሮለታል።

እኅቶቻችን ሆይ፤ ነገሩ ለጓዳም ይሠራል። ባለቤታችሁ ከረጅም ግዳጅ ሲመለስ ያሰበው ሳይሞላለት፣ የጠበቀው ማዕረግ ሳይደርሰው፣ ለቤቱ ያለመው ገንዘብ ሳይጠራቀምለት ሊመጣ ይችላል። የጎደለውን ከመቁጠራችሁ በፊት ይዞት የመጣውን ቁጠሩለት። እናንተም ወንድሞቻችን፤ ደመወዙ ወሩ ሳያልቅ አልቆ ስታገኙት ፊታችሁን ከማጥቆራችሁ በፊት ቤቱን ተመልከቱ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ተከፍሎ፣ የጎረቤት ዕዳ ተመልሶ፣ የታመመው ልጅ ድኖ ከሆነ፣ ባለቤታችሁ አስቸጋሪ በሆነ ሜዳ ላይ ያስቆጠረቻቸው ግቦች እነዚያ ናቸው። በሜዳችን የሚደረገው የመልሱ ጨዋታ የሁለታችሁም ነው።

ጎረቤታችን ሱዳንም ይህንኑ በራሷ ላይ አሳይታለች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ብሔራዊ ቡድኗ በዋና ከተማው ሜዳ መጫወት አልቻለም። ሆኖም ለሞሮኮው የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ከጋና፣ ከአንጎላና ከኒጀር ጋር ተመድቦ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ጋናን በሊቢያዋ ቤንጋዚ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከምድቡ ሁለተኛ በመሆን አለፈ፤ ኃያሏ ጋና የምድቡ መጨረሻ ሆና ቀረች። ቤቱ የነደደበት ቡድን በሰው ሜዳ ሆኖ ግብ መቁጠሩን አላቆመም።

እኛም ወደ ቀጣዩ ሳምንት ግዳጃችንና ወደ ቤታችን ሥራ ስንሄድ፣ ቀኑ ያልተሳካልን እንደሆነ፣ ሌላ አንዲት ግብ ሳንይዝ አንመለስ።