የማሳጅ ቤት አባልነት ያዋጣልን?

ነጋዴ የሆነ ሰው አንድ ኮንቴይነር ዕቃ ከውጭ አገር ሊያስመጣ ሲያስብ፣ የዕቃውን ዋጋና የመርከቡን ኪራይ፣ የኢንሹራንሱንና የጉምሩኩን ቀረጥ፣ የመጋዘኑንም ወጪ እስከ ሳንቲሙ ድረስ ሳይደምር ገንዘቡን ከባንክ አያወጣም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ለገዛ ራሱ ምቾት የሚሆን ነገር በቀረበለት ጊዜ፣ «የዓመቱን ይክፈሉና በቅናሽ ይገልገሉ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሒሳቡን ሳይመረምር እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ይታያል። ከነዚህም ነገሮች አንዱ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ በየሆቴሉና በየሕንፃው የተስፋፋው የማሳጅና የስፓ ቤት አባልነት ነው። ስለዚህ አባልነቱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ጥያቄ በንግድ ሚዛን መዝኖ መመልከት ተገቢ መስሎ ስለ ታየን፣ ይህን አስተያየት ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ መታሸትም ሆነ በሙቅ ውሃ መታጠብ ለአገራችን እንግዳ ነገር አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። ወጌሻ የተወለቀውን ሲመልስና የዞረውን ጅማት ሲያሽ፣ እናቶችም የሕፃኑን ገላ በቅቤ ሲያሹ ኖረዋል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ መቀመጥን ወደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ በመቈርቈሯ፣ ዋና ከተማችን የገላ መታጠቢያ የወለዳት ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዲሱ ነገር እሽቱ ሳይሆን የአከፋፈሉ ዘዴ ነው። ቀድሞ ሰው ሲያመው ወይም ሲደክመው ሄዶ ከፍሎ ይመለስ ነበር፤ አሁን ግን ሳይደክመው አስቀድሞ እንዲከፍል ይጠየቃል።

ከዋጋው በፊት የዕቃውን ጥራት መመርመር የነጋዴ ልማድ ስለ ሆነ፣ ማሳጅ በርግጥ ምን ይሰጣል ብለን እንጠይቅ። ቀኑን ሙሉ በመደብር የሚቆም ባለሱቅና ቀኑን ሙሉ በወንበር የሚውል ጸሐፊ፣ ወገባቸውና ትከሻቸው ሲታሽላቸው ዕረፍት ማግኘታቸው አያጠራጥርም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ገና ለጀመረ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው ነገሮች መካከል ማሳጅን ቈጥሮታል፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ አለመሆኑን አልሸሸገም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን ጥናትም ለወገብ ሕመም የሚገኘው ጥቅም ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቈይ መሆኑንና ይህም ቢሆን በሙሉ እምነት ሊነገር የማይችል መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ማሳጅ ዕረፍት ነው እንጂ ፈውስ አይደለም። «ደም ያጠራል፣ በሽታ ያርቃል» እያለ ካርዱን የሚሸጥ ቤት ቢኖር ከእውነት አልፎ መሄዱ ነው። ትኩሳት ያለበት፣ እግሩ ያበጠበት፣ የደም መርጋት ያገኘው ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ሊታሽ አይገባውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለምሳሌ ያህል የአንድ ጊዜ ማሳጅ 2,000 ብር ነው እንበል፤ ለ12 ጊዜ የሚያገለግለው የዓመት ካርድ ደግሞ 18,000 ብር ይሁን። ሻጩ «በያንዳንዱ 500 ብር ያተርፋሉ» ይላል፤ ቃሉም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ትርፉ የሚገኘው 12ቱንም ጊዜ የሄዱ እንደ ሆነ ነው። 18,000 ለ2,000 ሲካፈል 9 ይሆናል፤ ይህም ማለት እስከ ዘጠነኛው ጊዜ ድረስ ምንም ትርፍ የለም ማለት ነው። በዓመት ስድስት ጊዜ ብቻ የሄደ ሰው አንዱን ማሳጅ በ3,000 ብር ገዛው፤ አራት ጊዜ የሄደ በ4,500 ብር ገዛው። በዚህ ላይ የካርዱ ዋጋ 15 በመቶ የሆነውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያልጨመረ ከሆነ፣ 18,000 የተባለው 20,700 ይሆናል። የአንድ ጊዜው ዋጋ ታክሱን የጨመረ ሆኖ ሳለ የካርዱ ዋጋ ሳይጨምር ቢነገር፣ ማትረፍ የሚጀመረው ዘጠኙን ሳይሆን አሥሩን ጊዜ አልፎ በአሥራ አንደኛው ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ዋጋዎች በአንድ ዓይነት ሚዛን ማስተያየት ያስፈልጋል።

«እኔስ በየወሩ መሄዴ አይቀርም» የሚል አንባቢ ይኖራል። የሰው ልጅ ስለ ራሱ ትጋት የሚሰጠው ግምት ግን ከሥራው ከፍ ያለ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል። ደላቪኛና ማልሜንዲየር የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአሜሪካ አገር በሦስት የስፖርት ቤቶች የተመዘገቡ ከ7,000 የሚበልጡ አባሎችን መዝገብ መርምረው ነበር። በወር ከ70 ዶላር በላይ ለመክፈል የተዋዋሉት አባሎች በአማካይ የሚመጡት በወር አራት ጊዜ ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ ለአንዱ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ከፍለው ተገኙ፤ የአሥር ጊዜ ቲኬት ቢገዙ ኖሮ ግን ለአንዱ ቀን 10 ዶላር ይበቃቸው ነበር። ይህ የሆነው ሰዎቹ መቍጠር የማያውቁ ሆነው ሳይሆን፣ ነገ የሚመጣውን ድካምና ሥራ ዛሬ ስላላሰቡት ነው።

የኛ ነጋዴ የዓመት ቀን አቈጣጠር ደግሞ ከማንም ይልቅ የተሰባበረ ነው። የበጀት ዓመቱ ሒሳብ በሰኔ 30 ሲዘጋ፣ ባለሱቁም ሆነ ሒሳብ ያዡ ለመተኛትም ጊዜ የለውም። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ገበያው በሚደራበት ሰሞን መደብር ጥሎ መሄድ አይሞከርም። አስመጪው ዕቃ ለመምረጥ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንግዡ ይሄዳል፤ ቡና ላኪውም የቡና ለቀማ ወራት በደረሰ ጊዜ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሲዳማ ይወርዳል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ አስመጪ ቢሮ በጸሐፊነት የሚሠራ ስለ ሆነ፣ የአሠሪውን ቀጠሮ የሚይዝበትን መዝገብ ገልጦ ነጻ የሆኑትን ቅዳሜ ከሰዓቶች ቈጥሮ ነበር፤ ከጉዞና ከበዓል የተረፉት ለአሥራ ሁለት ማሳጅ የሚበቁ ሆነው አልተገኙም። አንድ ሰዓት የሚባለውም ማሳጅ የመኪናው መጨናነቅና የመቆያው ጊዜ ሲጨመርበት የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ ያልተሄደበት ወር ወደሚቀጥለው ይተላለፋል ወይስ ይቃጠላል የሚለው ነው።

ለአባልነቱ የሚቀርብ አንድ ብርቱ ክርክር አለ፤ እርሱንም አለማንሣት ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚመጣው ዘይትና ቅባት ዋጋው ሲወጣ ስለ ታየ፣ ዛሬ በዛሬ ዋጋ መክፈል ከነገው ጭማሪ ያድናል ይባላል። ነገሩ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የቅድሚያ ክፍያ ማለት ያለ መያዣና ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ሲስፋፋ በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ቤቶች በአንድ ጊዜ እንደ ተዘጉ እናስታውሳለን። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የንግድ ቤቶች ስፍራ ለውጠዋል። ከመሥሪያ ቤትህ አጠገብ ነው ብለህ የተመዘገብህበት ቤት ወደ ከተማው ዳር ቢዛወር፣ ካርዱ በእጅህ ቢቀርም ጥቅሙ ከእጅህ ወጣ። ለማያውቀው ሰው ዕቃ በዱቤ የማይሰጥ ነጋዴ፣ ለማያውቀው ማሳጅ ቤት የዓመት ገንዘብ በምን ዋስትና ይሰጣል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 1731 በሕግ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ሆኖ የሚጸና መሆኑን ስለ ደነገገ፣ ከመፈረም በፊት የሚከተሉትን መጠየቅና መልሳቸውን በጽሑፍ መቀበል ይገባል፦

1ኛ/ የንግድ ፈቃዱ የታደሰ፣ ሠራተኞቹም በሙያው የሠለጠኑ ናቸውን? በማሳጅ ስም ሌላ ሥራ የሚሠራበት ቤት እንዳለ ስለሚታወቅ ይህ ጥያቄ ለክብርም ለጤናም ያስፈልጋል።

2ኛ/ ዋጋው ታክሱንና የአገልግሎት ክፍያውን የጨመረ ነውን? ደረሰኝስ ይሰጣልን?

3ኛ/ ያልተሠራበት ቀሪ ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ለባለቤት ወይም ለልጅ፣ ሊተላለፍ ይችላልን?

4ኛ/ ቤቱ ቢዘጋ ወይም ቢዛወር፣ አባሉም ቢታመም፣ ቀሪው ገንዘብ ይመለሳልን?

5ኛ/ ዓመቱ ሲያልቅ ውሉ ያበቃል ወይስ ሳይጠየቅ ይታደሳል?

ከዚህ ሌላ፣ ቅናሹ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ማሰብ የጨዋ ደንበኛ ተግባር ነው። የሚታሸው ሰው የሚከፍለው ለዘይቱና ለመብራቱ ሳይሆን በዋናው ለሠራተኛዋ እጅ ነው። ለአባል የሚደረገው ቅናሽ ከርሷ ድርሻ የሚቀነስ ከሆነ፣ ጥሩዎቹ ባለሙያዎች ወደ ሌላ ቤት መሄዳቸው የማይቀር ነው፤ አባሉም እጇን አምኖ የተመዘገበባትን ሠራተኛ አጥቶ በካርዱ ታስሮ ይቀራል።

አሁን ለአሠሪዎች አንድ ቃል እንጨምር። አንዳንድ ድርጅቶች ለሥራ አስኪያጆቻቸው የዓመት አባልነት መግዛት ጀምረዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ድርጅት ገንዘብ ተቀባይዋ መደገፊያው በተሰበረ ወንበር ላይ ስትውል፣ የመጋዘኑም ወዛደር መቶ ኪሎ ጆንያ በጀርባው ሲሸከም፣ የወገብ ሕመም መፍትሔ በስፓ ቤት ተገኘ ማለት አይቻልም። ከላይ በምሳሌው ያነሣነው 18,000 ብር ለሥራ አስኪያጁ ጥቂት የዕረፍት ሰዓቶችን ይገዛል፤ ለመጋዘኑ የዕቃ መግፊያ ጋሪ መግዣ ቢውል ግን ጥቅሙ ለብዙ ጀርባና ለብዙ ዓመት ነው። መጀመሪያ ሕመሙ የሚፈጠርበትን ስፍራ ማስተካከል፣ ከዚያ በኋላ ለመታሻው ማሰብ የተሻለ ቅደም ተከተል ነው።

በጠቅላላው ስንመለከተው፣ አባልነት በራሱ ክፉ ንግድ አይደለም። ቤቱ በመንገዱ ላይ ላለ፣ የሥራ ጊዜው ለተደላደለ፣ በየወሩም የመሄድ ልማድ ላለው ሰው ያዋጣዋል። ልማዱ ለሌለው ግን ካርዱ ልማድ አያመጣለትም። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፦ ለሦስት ወር ያህል በየጊዜው ሙሉውን ዋጋ እየከፈሉ መሄድ፣ የተሄደበትንም ቀን በማስታወሻ መዝገብ መጻፍ። ሦስቱ ወር ሲያልቅ መዝገቡን ገልጦ ቍጥሩን በአራት ማባዛት፤ ውጤቱ ትርፍ ከሚጀመርበት ቍጥር የበለጠ እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያ የዓመቱን ሳይሆን የሦስት ወሩን ወይም የአሥር ጊዜውን ቲኬት መግዛት። በሦስት ወር ውስጥ በቅናሽ ማጣት የሚቀረው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ባልተሠራበት የዓመት ካርድ የሚጠፋው ግን ብዙ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፣ በችኮላ የተፈረመ ውል በጸጸት እንዳይፈታ፣ ነጋዴ ለዕቃው የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለገላውም ያድርግ።