በጥቂት ድምፅ የተወሰነ ሕዝበ ውሳኔ እንደ ገና ይደረግን?



በዚህ ዓመት በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ የክርክር ጥያቄ ሰጥተውን ነበር። ጥያቄውም «በጥቂት የድምፅ ብልጫ የተወሰነ ሕዝበ ውሳኔ እንደ ገና ሊደረግ ይገባዋልን?» የሚል ነው። እኔ «አይገባም» ከሚሉት ወገን ሆኜ ተከራከርሁ። ክርክሩ እንዳለቀ ክፍሉ እጁን እያወጣ ድምፅ ሰጠ፤ ተቆጠረና «ይገባል» ያሉት 24፤ «አይገባም» ያልነው 22 ሆንን። በዚህ ጊዜ ከእኛ ወገን «በትክክል አልተቆጠረም፤ ድምፁ እንደ ገና ይሰጥ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ከጮኹትም አንዱ እኔ ነበርሁ። መምህራችን ሣቅ ብለው «እናንተ እኮ ፈጽሞ አይደገምም ስትሉ ነበር» አሉን። ክፍሉ በሣቅ ሲሞላ እኔ ዐፈርሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያ ዕፍረት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር አስተውያለሁ። በብዙ የተሸነፈ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በጥቂት የተሸነፈ ግን «ያ ሰው ባይቀር ኖሮ፤ ዝናብ ባይጥል ኖሮ» እያለ ሌሊቱን ሲቈጥር ያድራል። በጥቂት መሸነፍ ይህን ያህል የሚያቃጥል ከሆነ፤ በአንድ የክፍል ክርክር ሳይሆን በአገር ጉዳይ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

በአገራችን የተደረጉትን ሕዝበ ውሳኔዎች እንመልከት። በጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በደርግ ዘመን የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከመቶ 81 እጅ ደገፈው ተባለ። በሚያዝያ ወር 1985 ዓ.ም. በኤርትራ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ለነጻነት የተሰጠው ድምፅ ከመቶ 99.8 እጅ ነበር። በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝብ ክልል ለመሆን ሲወስን ከመቶ 98 እጅ በላይ «እሺ» አለ። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱም በጥቂት ድምፅ የተወሰነ አይደለም። ሰፊ ብልጫም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አራት ዓመት ከጥቂት ወራት ቈይቶ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ጋር አብሮ ወድቋልና። ይሁን እንጂ እኛ እስከ ዛሬ ልክ እንደ ክፍላችን 24 ለ 22 በሆነ የአገር ውሳኔ አልተፈተንንም።

ፈተናው ግን አይመጣም ማለት አይቻልም። በ2016 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት፤ በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል የይገባኛል ጥያቄ የሚነሣባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በመጨረሻ በሕዝበ ውሳኔ እልባት እንዲያገኝ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በእንዲህ ያለ ስንት ደም በፈሰሰበት ጉዳይ ላይ ድምፁ ተቆጥሮ 51 ለ 49 ቢሆን ማን ወደ ቤቱ በሰላም ይገባል? ማንስ «እንደ ገና ይቆጠር» አይልም?

ሕጋችንን ስንመረምር ደግሞ የሚገርም ነገር እናገኛለን። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 እንደሚለው፤ አንድ ብሔረሰብ የራሱን ክልል ለመመሥረት ሲፈልግ ጥያቄው በመጀመሪያ በብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መደገፍ አለበት። በአንቀጽ 39 ስለ መገንጠል የተጻፈውም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ወደ ሕዝብ ሲቀርብ የሚፈለገው አብላጫ ድምፅ ብቻ ነው። ጥያቄውን ለማንሣት ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን ለዘለዓለም ለመቊረጥ ግን አንድ ድምፅ ይበቃል ማለት ነው! ውጤቱ በጣም ተቀራራቢ ቢሆን ምን እንደሚደረግ፤ የተሸነፈውም ወገን ጥያቄውን መቼ መልሶ ሊያነሣ እንደሚችል እነዚህ አንቀጾች አይናገሩም።

ሕግ ዝም ያለበት ቦታ ጠብ እንደሚገባበት ለማየት ሩቅ አልሄድሁም፤ በሠፈራችን ዕድር አየሁት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አያቶቼ ያሉበት ዕድር አዲስ ድንኳን ለመግዛት ወርኃዊ መዋጮው ይጨመር ወይስ አይጨመር በሚል ጉዳይ ድምፅ ሰጠ። 61 ሰዎች «ይጨመር»፤ 58 ሰዎች «አይጨመር» አሉ። የተሸነፉት «የገበያ ቀን ስለ ነበረ ብዙ ሰው ቀርቶብናል» ብለው አመለከቱ። የዕድሩ ዳኛም ሰላም ይሻላል ብለው ድምፁ እንዲደገም ፈቀዱ። በሁለተኛው ጊዜ «አይጨመር» ያሉት 60፤ «ይጨመር» ያሉት 57 ሆኑ። አሁን ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አሸናፊዎች «ለእነርሱ ከተደገመ ለእኛስ ለምን አይደገምም?» ብለው ተነሡ። ከሦስተኛው ድምፅ በፊት ዕድሩ ለሁለት ተከፈለ።

በዚያው ዓመት ወንድ አያቴ ዐረፉ። ጡሩምባው የተነፋው ለግማሹ ሠፈር ብቻ ነበር። በአጥር ብቻ የምንለያያቸውና ከሴት አያቴ ጋር ለሠላሳ ዓመታት ቡና ሲጠጡ የኖሩት እማማ በሌላው ዕድር ስለ ነበሩ ከለቀስተኛው መካከል አልታዩም። ማታ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ በጓሮ በር ገብተው ከአያቴ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ በጊዜው ልጅ ስለ ነበርሁ «ድምፅ መስጠት መጥፎ ነገር ነው?» ብዬ አያቴን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ድምፁስ መልካም ነበር ልጄ፤ የት ላይ እንደሚያበቃ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ጠፋ እንጂ» አሉኝ።

ኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ዕድሩን አንድ አደረጉት። ሲያስታርቁም ማን ትክክል እንደ ነበረ አልፈረዱም፤ በመተዳደሪያው ደንብ ላይ ሁለት ነገሮችን ብቻ አስጻፉ። አንደኛው፤ መዋጮ የሚለወጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሁለተኛው፤ አንድ ጊዜ የተወሰነ ነገር እስከ ሁለት ዓመት አይነሣም።

የሠፈራችን ሽማግሌዎች ያገኙትን መፍትሔ ሌሎች መንግሥታትም በብዙ ድካም አግኝተውታል። በካናዳ የኬቤክ ክፍለ አገር ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1995 ድምፅ ሲሰጥ «አይሆንም» ያሉት ከመቶ 50.58 እጅ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የካናዳ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሕግ፤ ወደፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ ጥያቄው ግልጽ፤ ብልጫውም ግልጽ መሆን አለበት ብሎ ደነገገ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ከመቶ 51.9 እጅ ድምፅ ሲሰጥ፤ ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ድምፁ እንዲደገም በፊርማቸው ጠየቁ። ድምፁ አልተደገመም፤ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣች። በሞንቴኔግሮ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ከሰርቢያ ለመለየት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፤ ቢያንስ ከመቶ 55 እጅ እንዲያስፈልግ ተወሰነ። ውጤቱ 55.5 ሆነ። ከወሰኑ ያለፈው በግማሽ ነጥብ ያህል ብቻ ቢሆንም፤ ወሰኑ ቀድሞ የታወቀ ስለ ነበር አገሪቱ ነጻ መንግሥት ሆነች።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ሕዝብ ቢሳሳትስ? ዛሬ 16 ዓመት የሆነው ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፅ ይሰጣል፤ የእርሱስ ሐሳብ አይቆጠርምን?» ብለው ይከራከራሉ። ይህ ጠንካራ ሐሳብ ነው፤ የክፍላችንንም ክርክር ያሸነፈው እርሱ ይመስለኛል። ነገር ግን ለጥቂት የተሸነፈ ሁሉ ወዲያው ይደገምልኝ ቢል፤ ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ይልቅ እውነት ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለን? እንዲህ ከሆነ ሕዝብ የሚጠየቀው የሚፈለገው መልስ እስኪገኝ ድረስ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የዚያን ቀን «ፈጽሞ አይደገምም» ማለቴ ስሕተት እንደ ነበረ እቀበላለሁ፤ «ይደገም» ብዬ መጮኼ ግን ከዚያ የባሰ ስሕተት ነበር። በእኔ አስተያየት ሕዝበ ውሳኔ ሊደገም የሚገባው በሦስት ምክንያቶች ብቻ ነው።

አንደኛ፤ አሰጣጡ የተበላሸ እንደ ሆነ። ለዚህ ምሳሌው በአገራችን አለ። በጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የወላይታ ዞን ድምፅ የሕግ ጥሰት ተገኝቶበት በምርጫ ቦርድ ተሰረዘ፤ በሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ተሰጠ። ይህ የተደረገው ብልጫው ስላነሰ ሳይሆን አካሄዱ ስለ ተጣሰ ነው።

ሁለተኛ፤ የቀረበው ነገር ራሱ በእውነት የተለወጠ እንደ ሆነ። የዴንማርክ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1992 የአውሮፓን የማስትሪኽት ውል ከመቶ 50.7 እጅ በሆነ ድምፅ አልቀበልም አለ። መንግሥቱም ያንኑ ወረቀት መልሶ አላቀረበም፤ ገንዘብንና መከላከያን የመሳሰሉ አራት ጉዳዮች ለአገሪቱ እንዲቀሩላት ተደራድሮ በሚቀጥለው ዓመት ጠየቀ፤ ከመቶ 56.7 እጅ ተቀበለው። እንዲያም ሆኖ በዚያችው ሌሊት በኮፐንሃገን ረብሻ ተነሥቶ ፖሊስ ተኩሷል። በቂ ምክንያት ያለው መድገም እንኳ ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ አስቀድሞ በሕግ የተወሰነ ዘመን ያለፈ እንደ ሆነ። ያ የ16 ዓመት ልጅም በዚህ ጊዜ ተራው ይደርሰዋል፤ የተሸነፈውም ወገን ተስፋ ሳይቈርጥ በጠመንጃ ፈንታ በምክር ሰው ሲያሳምን ይቈያል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ከተወሰነ በኋላ መመለስ ለማይቻልበት ነገር፤ ማለት ክልልን ለመክፈልም ሆነ አገርን ለመለየት፤ ከግማሽ በላይ የሆነ ወሰን ድምፁ ሳይሰጥ በፊት ሊቀመጥ ይገባል። ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ የተጻፈ ሕግ ለማንም አያዳላምና። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት የተነገረው ለዚህ ነው።

እኛ የደብረ ሲና ልጆች ይህን ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን የሚፈትሸው ቁልቁለቱን ሳይጀምር ነው። ጉሙ መንገዱን ከሸፈነውና መኪናው መንደርደር ከጀመረ በኋላ፤ ተሳፋሪው «እንመለስ፤ አንመለስ» ብሎ ቢከራከር ምን ይረባል?

እኔ በዚህ ዓመት 18 ዓመት ሞላኝ፤ ከእንግዲህ ወዲህ በአገሬ ጉዳይ ድምፅ ከሚሰጡት መካከል እቆጠራለሁ። ጓደኞቼ፤ አብዛኞቻችሁም እንዲሁ ናችሁ። ማሸነፍን ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን። በሁለት ድምፅ ተሸንፎ ከአሸናፊው ጋር በአንድ ወንበር መቀመጥን ግን ከዚሁ ከክፍላችን ካልተማርን ሌላ ቦታ አንማረውም። በዚያ ቀን «እንደ ገና ይቆጠር» ብዬ የጮኽሁትን ጩኸት፤ በእነዚያ 24 ጓደኞቼ ፊት በዚህ ጽሑፍ አነሣዋለሁ።