ሳይነበብ አናስፈርም፣ ሳይነበብ አንመስክር



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንለጥፈው የመዋጮ፣ የለቅሶና የጽዳት ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ግን ትንሽ ቆም ብላችሁ እንድታነቡልን የምንፈልገው ጉዳይ አለ። ዓይናቸው ለደከመ ጎረቤቶቻችሁም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው እነሱን ነውና።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ባለፈው ክረምት ዕድሜያቸው ሰማንያን የተጠጋ አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ያሳደጉት የእኅታቸው ልጅ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «የእማማ ኑዛዜ ነው፤ ለምስክርነት ፈርሙልን» አለ። ዝናብ እያካፋ ነበር፤ ከኮሚቴያችን አባላት ሁለቱ ወረቀቱን በመኪና ላይ አስደግፈው ፈረሙ። አላነበቡትም። ሲነበብም አልሰሙም። እሳቸውም ቀደም ብለው ቤታቸው ውስጥ ጣታቸውን አስነክተው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግቢያቸው ውስጥ የተከራየች አንዲት ተማሪ ወረቀቱን አግኝታ አነበበችላቸው። ኑዛዜ አይደለም፤ የስጦታ ውል ነው። ቤቱ ከዚያች ቀን ጀምሮ የልጁ ይሆናል ይላል። እናታችን ደንግጠው፦ «እኔ እኮ ስሞት ብዬ ነው! ዛሬማ ከሰጠሁ የት ልገባ ነው?» አሉ። ደግነቱ ወረቀቱ ገና ወደ መዝጋቢው ክፍል አልሄደም ነበርና እዚያው ተቀደደ። ልጁ ሆን ብሎ አድርጎታል ወይስ ወረቀቱን የጻፈለት ሰው አሳስቶታል፣ እኛ ፈራጆች አይደለንም። የእኛን ድርሻ ግን እናውቃለን፤ ያላየነውን አየን ብለን ፈርመናል። ይህ ያሳፍራል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የተጻፈውን ማን ጻፈው? ማንስ አነበበው? ዛሬ አረጋውያንን ከቤታቸው የሚያስወጣቸው በር ሰብሮ የሚገባ ሌባ አይደለም፤ በሚያምኑት ሰው እጅ የሚመጣ ወረቀት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለውም ለዚህ ይመስለናል።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕግ የለም ተብሎ የሚታማ ነገር የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡም በጽሑፉ ላይ ካልተገለጸ አይጸናም ይላል። ቤትን በስጦታ ለመስጠትም ይኸው ሥርዓት መፈጸም አለበት። በቁጥር 1728 ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በውል ላይ ያሳረፈው የጣት ምልክት፣ በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም ተብሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል።

እንግዲህ «ሕጉ ይህን ካለ ምን ያስፈራል?» የሚል ይኖራል። የሚያስፈራው ጊዜው ነው። ያ ወረቀት ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ እናታችን በሙግት ይረቱ ነበር ብንል እንኳ፣ ስንት ቀጠሮ፣ ስንት የታክሲ ሂሳብ፣ ስንት ደረጃ መውጣትና መውረድ ይጠብቃቸው ነበር? ለሠላሳ ዓመት ሰው የአራት ዓመት ሙግት ድካም ነው። ለሰማንያ ዓመት ሰው ግን የቀረች ዕድሜ ናት። ስለዚህ የአረጋዊ መብት ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው ፍርድ ቤት ሳይሆን ወረቀቱ የሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለን።

በሰፈራችን ደጋግመው የሚያጋጥሙ ወረቀቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ኑዛዜ ነው። ኑዛዜ ያደረገ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ንብረቱ የራሱ ነው። አሳቡን ከለወጠም ይሽረዋል። «አልሽርም» ብሎ ቃል ቢገባ እንኳ ያ ቃል አያስረውም።

ሁለተኛው ስጦታ ነው። ስጦታ እንደ ኑዛዜ ሞትን አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ይሰጣል፤ መልሶ ማግኘቱም ከባድ ነው። መስጠት የሚፈልግ ሰው ካለ መብቱ ነው፤ አንከለክልም። ግን እስከ ዕለተ ሞቱ በቤቱ የመኖርና የኪራዩን ገንዘብ የመውሰድ መብቱን፣ ማለትም የአላባ መብቱን፣ በውሉ ላይ አስጽፎ ማስቀረት እንደሚችል ይወቅ።

ሦስተኛው ውክልና ነው። «ጡረታዎን እንድቀበልልዎ» ተብሎ የሚመጣው ውክልና ብዙ ጊዜ ከጡረታ ያልፋል። ጠቅላላ ውክልና የሚለው ስም ብቻውን ቤት ለመሸጥ አያበቃም። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ» የሚል ቃል ከገባበት ግን ሌላ ነገር ነው። ያንን ቃል ፈልጉ! ውክልና ሰጥቶ የተጸጸተም አይጨነቅ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2226 መሠረት ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ውክልናውን ወዳረጋገጠው የሰነዶች ማረጋገጫ ክፍል ሄዶ መሻርና ለተወካዩም በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ሲዘገይ ግን ቤቱ ሊሸጥ ይችላልና ሳይውል ሳያድር ይሁን።

ጧሪ ላጡትም አንድ ቃል እንጨምር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ሠርተው መኖር ላቃታቸው ችግረኛ ወላጆች ልጆች ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። «ልጄን ፍርድ ቤት ላቁም እንዴ?» የሚሉትን እናቶች እንረዳለን። በሽማግሌ ቢያልቅ እኛም እንመርጣለን። ነገር ግን ምጽዋት ሳይሆን መብት መሆኑን ልጆቹም ይስሙ።

ጠበቃ ለመግዛት አቅም የለንም ለምትሉም መንገድ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም የሌላቸውን ሴቶች በነጻ ይረዳል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰውም ድህነቱን አስረድቶ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።

«ይህ በሰው ቤተሰብ ጉዳይ መግባት ነው» የሚሉን እንደማይጠፉ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ማን ለማን ያውርስ ብለን መጠየቅ የእኛ ፋንታ አይደለም። ለማን እንደሚሰጡ የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው። የእኛ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የፈረሙት ያሰቡትን ነው ወይ? ቀና ልብ ያለው ልጅ ወረቀቱ ቢነበብ ምን ይጎዳዋል? እንዲያውም ነገ ከወንድምና ከእኅቶቹ ሐሜት ይድናል።

ማኅበራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ሬሳ ያጅባል፣ ሦስት ቀን ያስተዛዝናል። በመስከረም የአረጋውያን ቀን ሲከበርም ጋቢ እናለብሳለን። ደግ አደረግን። ግን ጋቢ ያለበስናቸውን እናት፣ ባላነበብነው ወረቀት ከቤታቸው ልናስወጣቸው ምን ቀርቶን ነበር?

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ለውሳኔ እናቀርባለን።

1ኛ. ማንኛውም አባል የአረጋዊ ወረቀት በባለቤቱ ፊት፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነበብ ካልሰማ በምስክርነት እንዳይፈርም።

2ኛ. ጥቅም የሌላቸውና ምሥጢር የሚጠብቁ ሦስት አንባቢዎች፣ ቢያንስ አንዷ ሴት ሆና፣ እንዲመረጡ። አረጋዊው ሲፈልግ ብቻ ይጠራሉ፤ ገንዘብም አይቀበሉም።

3ኛ. ሰነድ ለማስመዝገብ፣ ውክልና ለመሻር ወይም የሕግ ምክር ለመጠየቅ የሚሄድ ረዳት የሌለው አረጋዊ ሲኖር፣ አብሮት የሚሄድ ሰው እንዲመደብና የመጓጓዣው ወጪ ከማኅበሩ ሣጥን እንዲሸፈን።

ያቺ እናታችን በኋላ ኑዛዜያቸውን በሥርዓቱ አድርገዋል። አራቱ ምስክሮች በአንድ ላይ ተቀምጠው ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ተነበበ። ለማን እንደተናዘዙ ምስክሮቹ ያውቃሉ፤ እኛ አልጠየቅንም። ቡና ግን ጠጥተናል፤ በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው በረንዳ ላይ።

እናንተም አሳባችሁን በስብሰባው ላይ አሰሙን። እስከዚያው ድረስ አደራችን አጭር ናት፤ ሳይነበብ አታስፈርሙ፣ ሳይነበብ አትመስክሩ።

የማኅበሩ ኮሚቴ