ስለ ልጅነት ትዝታ፤ ለሚናፍቁና ለማያወርሱ

ሰው ሁሉ ልጅ ሆኖ ያየውን ነገር ካደገ በኋላ ከማር አጣፍጦ ይናገረዋል። ይህ የሰው ጠባይ ስለ ሆነ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ግን ጣፋጭ ነው ብሎ የሚያመሰግነውን ነገር ለገዛ ልጁ ሳያቀምስ ሲቀር ነው።

በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር ግንቦት 1 ቀን በመጣ ቁጥር ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ ከቤት ወጥቶ ንፍሮውን፣ ዳቦውንና ቡናውን በአንድነት ይቀምሳል። ከቀድሞዎቹ የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በስፍራቸው ፎቅ ከተሠራ ወዲህም ይህ ልማድ ፈጽሞ አልቀረም። በዚህ ቀን ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት ያለፈ ሰዎች የተሰበሰቡ እንደ ሆነ፣ ጨዋታቸው ብዙ ሳይቆይ በልጅነታቸው በቴሌቪዥን ወዳዩት የልጆች ዝግጅት ያዘነብላል። አንዱ የአባባ ተስፋዬን ሰላምታ ድምፃቸውን አስመስሎ ይናገራል፤ ሁለተኛው ድመቱ አይጡን የሚያሳድድበትን የቶምና ጄሪን ካርቱን ያነሣል፤ ሦስተኛው «የዛሬ ልጆች ምን አላቸው?» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ሁሉም «እውነት ነው» ይላሉ። ልጆቻቸው ግን በዚያው ሰዓት በደረጃው ሥር ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ስልኩንም የገዙላቸው እነዚሁ ራሳቸውን የሚነቀንቁት አባቶች ናቸው።

እንግዲህ ይህ ናፍቆት ይመርመር። በመጀመሪያ፣ ያለፈው ዘመን እንደሚወራለት ያህል ነበርን? የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለብዙ ዓመትም ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። ጣቢያው አንድ ነው፤ ለልጆች የተመደበውም ጊዜ ጥቂት ነው። በልደታም ሆነ በሌላው ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ የቀረው ልጅ ጫማውን ከደጅ አውልቆ ገብቶ በሰሌን ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጥ ነበር። ስፍራ ያጣው በመስኮት ያይ ነበር፤ የቤቱ እመቤት የተቆጡ እንደ ሆነ ደግሞ ሳያይ ይመለስ ነበር። በገጠር የነበረው ልጅማ ስለ ሳጥኑ ወሬውንም አልሰማ። ስለዚህ «በእኛ ዘመን ልጆች ሁሉ» የሚለው አነጋገር ስለ ጥቂቶች የሚነገር ነው። ትዝታ በመስኮት የቀሩትን አይቆጥርም።

ሁለተኛም፣ በዚያ ዝግጅት የነበረው መልካም ነገር ከምን የመጣ ነበር? ከሳጥኑ ነውን? አይደለም። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ የቴአትር ሰው ነበሩ፤ ሴቶች ወደ መድረክ በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የተጫወቱ ተዋናይ ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ይዘውት የቀረቡት ነገር አዲስ ጥበብ አልነበረም፤ አያቶች በምድጃ ዳር ሲናገሩት የኖሩትን ነው እንጂ። የአማርኛ ተረት ደግሞ አንድ ሕግ አለው። ተራኪው «ተረት ተረት» ብሎ ይጣራል፤ ልጆቹ ካልመለሱለት በቀር ነገሩን አይጀምርም። የኔታ ቃሉን ሲሰጡ ተማሪው ተቀብሎ እንደሚመልስ፣ ተረትም እንዲሁ ተቀባይ ይፈልጋል። ሳጥኑ ጆሮ የለውም፤ እኒያ ሽማግሌ ግን ይህን ስለሚያውቁ ልጆችን በዙሪያቸው አስቀምጠው ይናገሩ ነበር።

በሰሌኑ ላይ የተቀመጡት የልደታ ልጆችም ሰላምታውን በአንድ ድምፅ ይመልሱ ነበር። ቴሌቪዥኑ ባይሰማቸው እርስ በርሳቸው ይሰማሙ ነበር፤ ቡና የምታፈላውም እናት ትሰማቸው ነበር። ቶምና ጄሪ እንኳ ብዙ የማይናገሩ ስለ ሆነ፣ ነገራቸውን ለታናናሾቹ በአማርኛ የሚፈታው ከልጆቹ መካከል ታላቅ የሆነው ነበር። በማግሥቱም ያየው ላላየው በመንገድ ላይ ይተርክለት ነበር። እንግዲህ የሚናፈቀው ነገር ይህ ነው፤ መጠራትና መመለስ። ስልክ ግን ልጁን ሳይጠራው ይናገራል፤ መልሱንም ሳይጠብቅ ያልፋል።

ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አባባ ተስፋዬ ባረፉ ጊዜ በተረታቸው ያደገ ሁሉ አዘነ። ኀዘኑም የእውነት ነበር። ዳሩ ግን ልቅሶ ሰውን ወራሽ አያደርገውም። ከሰማው ተረት አንዱን እንኳ ለልጁ ሳይነግር የሟቹን ደግነት ብቻ የሚያወራ ሰው፣ የአባቱን መሬት ጦም እያሳደረ ስለ መሬቱ ለምነት ከሚመካ ሰው በምን ይለያል?

አንዳንዶች «ጊዜ የለንም፤ ከሥራ የምንመለሰው በመሸ ጊዜ ነው» ይላሉ። በታክሲ ሰልፍ ቆሞ የሚያመሽ ሰው መድከሙ አይካድም። ነገር ግን አንድ ተረት ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ የድሮውን ምስል በስልክ ፈልጎ እያዩ መተከዝ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ሌሎች «የውጭ አገሩ ካርቱን ቋንቋ ያስተምራል» ይላሉ። ቋንቋ ማወቅ መልካም ነው። ዳሩ ግን ልጁ አያቱ ስትናገር የማይገባው ከሆነ፣ አንድ በር ሲከፈትለት ሌላ በር ተዘግቶበታል። ሌሎችም ደግሞ በተቃራኒው «ተረትና ሥዕል ከንቱ ነው፤ ልጅ ትምህርቱን ያጥና» የሚሉ አሉ። እነዚህ ልጅ ማዳመጥን አስቀድሞ የሚማረው በተረት መሆኑን ረስተውታል፤ ማዳመጥን ያልተማረ ልጅ በመምህሩ ፊት ቢቀመጥ ምን ይይዛል?

ከሰበብም ሁሉ የባሰው «እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ጠፋ» የሚለው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለ፣ ይህን የሚሉት በፊታቸው ያለውን አላዩም። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ የልጆች መምህርት ነበሩ። ለትንንሽ ልጆች በቋንቋቸው የሚያስተምር ዝግጅት መጉደሉን ባዩ ጊዜ ከባለቤታቸው ጋራ ሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ሠሩ፤ በ1999 ዓ.ም. ገደማም በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ በአማርኛ እየተናገረች ስለ ፊደልና ስለ ጤና ልጆችን አስተማረች። የወይዘሮ ብሩክታዊትም ሥራ በውጭ አገር ታውቆ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የሮሌክስ ሽልማት ተሰጣቸው። እርሳቸው የጎደለውን አይተው ሠሩ፤ የሚናፍቁት ግን የጎደለውን አይተው ተከዙ።

ማንም ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን ይቅረብ አይልም። የሚፈለገው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። በሚመጣው ግንቦት ልደታ ትዝታውን ለእኩዮቹ የሚያወራው አባት ወሬውን ይዞ ከመካከላቸው ይነሣና ወደ ደረጃው ሥር ይሂድ፤ ከልጆቹም አጠገብ ተቀምጦ «ተረት ተረት» ይበል። ልጁ መልሱን የማያውቅ የሆነ እንደ ሆነ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። መልሱን ያስተምረው፤ ከዚያም በኋላ ይጀምር።