ጫማው በር ላይ ይቅር

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ወገኖቼ፣ በተለይ መዋዕለ ሕፃናት የምትመሩ፣ የምታስተምሩና ጠዋት ጠዋት ልጅ የምታደርሱ፤

«ስቶክሆልም ተቀምጣ ስለ ድሬ ሙቀት ልታስተምረን ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ውሃ ሲጠፋ በርሜል የምትሞሉት እናንተ ናችሁ፤ መብራት ሲሄድ በካርቶን የምታራግቡት እናንተ ናችሁ። እኔ ከዚህ ሆኜ አቃቂር ለማውጣት አፍ እንደሌለኝ አውቃለሁ። የማነሣው ነገር ግን ትንሽ ነው፤ ስለ ጫማ ነው፣ ስለ ሕፃናት ጫማ ብቻ።

እህቴ ሰሞኑን ደውላ፣ የአራት ዓመት ልጇ ከኬጂ በር ተመለሰች አለችኝ። ጥፋቷ ነጠላ ጫማ ማድረጓ ነው። ደንቡ «ጥቁር ሽፍን ጫማ ከነጭ ካልሲ ጋር» ይላል። እህቴ በባጃጅ ቤት ተመልሳ፣ ሽፍኑን ጫማ አጥልቃላት፣ ባጃጁን ሁለተኛ ከፍላ አደረሰቻት። ማታ የእግሯን ፎቶ ላከችልኝ። በትንሿ ጣትና በቀጣይዋ መካከል ቆዳው ረጥቦ ነጭ ሆኖ ተልጧል። የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀይ ቀለበት አትሟል። ተረከዟ ውሃ ቋጥሯል። ጫማው ለመስከረም ከታይዋን ገበያ ሲገዛ «ታድግበታለች» ተብሎ በሁለት ቁጥር የሰፋ ነው፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ተወትፎበታል። በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዟ ይፋተጋል ማለት ነው።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የእሱ ብቻ ስላልሆነ። ሳቢያን ሰፈር ያለችውም ለገሃሬ ያለችውም ጓደኛዬ «እኛም ጋ ያው ነው» ብለውኛል።

በር ላይ መመለሷን ልለፈው። ያንገበገበኝ ከገባች በኋላ ያለው ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያ ጫማ ከእግሯ አይወልቅም። ምንጣፍ ላይ ስትጫወትም፣ ምሳ ስትበላም፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ስትተኛም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ! አቦ፣ ማን ነው ድሬ ላይ በጫማ የሚተኛ?

ቤታችሁ ስትገቡ ጫማችሁን የት ነው የምታወልቁት? በር ላይ። መስጊድ? በር ላይ። ቤተ ክርስቲያን? በር ላይ። ይህችው የእህቴ ልጅ ከሰዓት በኋላ ቁርኣን ልትቀራ መድረሳ ስትሄድ ሸበጧን ከጓደኞቿ ሸበጥ ጎን አሰልፋ ነው የምትገባው፤ የማንንም ሸበጥ ከማንም ሳታምታታ። ሐረር አጠገባችሁ ናት፤ የሐረሪ ቤት መደብ፣ ነደባው ላይ በጫማ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጫማ ማውለቅን ፈረንጅ አገር ተምሬ ልነግራችሁ አልመጣሁም። ያደግሁበት ነው።

ታዲያ ደንቡ ከየት መጣ? እንደሚመስለኝ ከአዲስ አበባ ከነዩኒፎርሙ ተገልብጦ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ካልሲ ያስፈልጋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩን ይዘው የመጡት ፈረንሳዮች እንኳ ከዚራ ሰፈርን ሲቀይሱ ለዛፍና ለበረንዳ ቦታ ትተዋል፤ ሙቀት መኖሩን ደርሰውበታል። የእኛ የትምህርት ቤት ደንብ አልደረሰበትም።

እዚህ ስቶክሆልም ያለውን ልንገራችሁ፣ እንደ ትዕቢት አትውሰዱብኝ። የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው ረጅም ኮሪደር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማንጠልጠያ፣ ከሥሩም የጫማ ቦታ አለው። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ቡትሱን ራሱ ይጎትታል፤ አስተማሪዋ ቆማ ትጠብቀዋለች እንጂ አታወልቅለትም። ከዚያ በካልሲ ወይም በቤት ጫማ ይገባል፣ የፈለገም በባዶ እግሩ። ወላጅ ወደ ውስጥ ማለፍ ከፈለገ ጫማው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ያጠልቃል። የእነሱ ምክንያት በረዶና ጭቃ ነው። የእናንተ ምክንያት ከእነሱም ይበልጣል፤ ሙቀትም አሸዋም አለባችሁ። ጃፓኖችም ለትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ የሚሆን ነጭ ጫማ አላቸው። አሜሪካን አትጥቀሱብኝ፤ እዚያ ቤት ውስጥም ጫማ የማያወልቁ አሉ። ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እንኳ፣ መራመድ የሚለማመድ ልጅ ቤት ውስጥ በባዶ እግሩ እንዲሆን ይመክራል። እግሩ ወለሉን ሲቆነጥጥ ሚዛኑን ይማራል።

እኛም አገር ይታወቃል እኮ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጓል። አንዲት ወዳጄ ልጇን ታውልበት በነበረው እንዲህ ባለ ማቆያ ሞግዚቶቹ ሳይቀሩ ጫማቸውን በር ላይ ትተው ለውስጥ ብቻ በተመደበ ሸበጥ ነው የሚሠሩት። የሚድሁ ሕፃናት አሉና። ልጇ ሦስት ዓመት እስኪሞላው እግሩ ነጻ ነበር። ነርሰሪ ሲገባ ታሰረ።

ሁለት መልስ ከወዲሁ ይሰማኛል። አንደኛው ስለ ትንኝ ነው። አልንቀውም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ድሬን ቤት ለቤት ሲያዳርሱ የእኔም ቤተሰብ በመገጣጠሚያ ሕመም ተኝቷል። የሁለቱም ትንኝ ቀን ቀን ነው የምትናከሰው፣ እግርም ትወዳለች። ግን የምትፈለፈለው በየግቢው በተጠራቀመ ውሃ ነው። በርሜሉን ክደኑ፣ መስኮቱን ወንፊት አልብሱ። ካልሲ ብቻውን የልጅ ክንድና አንገት አይሸፍንም።

ሁለተኛው ስለ ትል ነው፤ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ። መንጠቆ ትል በእርጥብ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲኬድ ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ግቢ ውስጥና መጸዳጃ ቤት ጫማ የግድ ነው። ነገር ግን ያው ጫማ ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ ሕፃናት በእጃቸው የሚድሁበት ምንጣፍ ላይ ሲወጣ የወስፋት እንቁላል ይዞ ይመጣል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የአንጀት ትላትል መድኃኒት በዘመቻ የሚታደለው ለዚሁ ጣጣ ነው። ውጭ ጫማ፣ ውስጥ ባዶ እግር ወይም ንጹሕ ሸበጥ፤ ይህን ያህል ከባድ ነው?

ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ሦስተኛ ነገርም አለ። ባዶ እግር ድህነት ይመስላል። ወላጆቻችን ጫማ ያገኙት አድገው ነው፤ «ልጄ እንደ እኔ በባዶ እግሯ አትሄድም» የምትል እናት ፊት ቆሞ ስለ ንፋስ ማውራት ይከብዳል። የወር ክፍያ ከፍላ ልጇን በባዶ እግሯ ብታገኛት ዳይሬክተሯ ላይ ትጮኻለች። ዳይሬክተሯ ይህን ስትፈራ ይገባኛል። ግን እኮ ጫማው አልተጣለም፤ ተወልውሎ በር ላይ፣ ስሟ ተጽፎበት ተቀምጧል። እናቲቱ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሱኑ ነው።

ወጪውን አስልቼዋለሁ፤ የሁለት ጣውላ መደርደሪያ፣ ምስማር፣ የእግር መታጠቢያ ባልዲና ሳሙና። መደርደሪያውን እኔ እችላለሁ፤ የመጀመሪያው የሚፈቅድ ኬጂ ይጻፍልኝ። የማይፈቅድም ይጻፍልኝ፤ ምክንያቱን መስማት እፈልጋለሁ፣ ካጠፋሁም ገሥጹኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ መልሱን ስትጽፉ ሽፍን ጫማና ካልሲ አድርጋችሁ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቬንትሌተሩን አጥፍታችሁ ጻፉት።