ለልብ ይበጃል የተባለው ብርጭቆ



ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ አንድ አባት የደም ምርመራ ውጤታቸውን ይዘው አማከሩን። ጥሩው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤች ዲ ኤል የሚባለው፣ ዝቅ ብሎባቸዋል። የሥራ ባልደረባቸው ታዲያ «ማታ ማታ ትንሽ ቀይ ወይን ቢቀምሱ ከፍ ይልልዎታል፤ ለመድኃኒት እኮ ነው» አሏቸው። ሐራም መሆኑን አልዘነጉም፤ ያስጨነቃቸው ነገሩ እውነት ይሆን ወይ የሚለው ነው።

እውነቱን መሸሸግ አይገባንም፤ አልኮል ኤች ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋል። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጽሑፍ፣ በቀን 30 ግራም አልኮል መጠጣት ኤች ዲ ኤልን በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ወደ 4 ሚሊ ግራም ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብም አብሮ እንደሚጨምር እዚያው ተጽፏል፤ ይህችኛዋን ግን ማንም ሲያነሳት አንሰማም።

ለመሆኑ የቁጥሩ ማደግ ብቻውን ልብን ያድናልን? ነገሩ በመድኃኒት ተሞክሯል። ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ኤች ዲ ኤልን ከ70 በመቶ በላይ ከፍ አድርጎ ሳለ፣ ከወሰዱት ሕመምተኞች መካከል የሞቱት ካልወሰዱት በልጠው በመገኘታቸው ሙከራው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 ተቋረጠ።

በልክ የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት ይልቅ በልብ ሕመም አይጠቁም የሚለው ንጽጽርም እንከን አለበት። «የማይጠጡ» ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ቀላል የማይባሉት ቀድሞ ይጠጡ የነበሩና ጤና ሲያጡ የተዉ መሆናቸውን የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 አመልክተዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀምሶ የማያውቅ ሙስሊም ከእነዚህ ጋር እንዴት ተደምሮ ይቆጠራል?

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ አስካሪ መጠጥ ለሰዎች ጥቅም እንዳለው አልካደም፤ ኃጢአቱ እንደሚያመዝን ነው የነገረን። በኋላም በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛው አንቀጽ ፈጽሞ ተከለከለ። የደም ግፊትን ከፍ ማድረጉ፣ ካንሰር ማምጣቱም ዛሬ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው።

ወደ አባታችን እንመለስ። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ሲጋራ መተውና ክብደት መቀነስ ኤች ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋሉ። ሐኪሞች ይበልጥ የሚያተኩሩት ግን ኤል ዲ ኤል በሚባለው ላይ ነው፤ ለእርሱም ቅቤና ጮማ ይቀነሳል፣ ካስፈለገም ስታቲን የሚባሉ ክኒኖች ይታዘዛሉ።

በድብቅ የሚጠጣ ወንድም ካለም ለሐኪሙ አይደብቅ። በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ ራስን ስቶ መንፈራገጥም ሊደርስበት ስለሚችል በሐኪም ክትትል ይተው። ቤተሰቡም ምስጢሩን ይጠብቅለት።