ኬሚስትሪን ማን ሽምደዳ አደረገው?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ አገሩ ሁሉ ስለ ኩረጃ አወራ። ተማሪው ክፍል ውስጥ ምን ሲማር እንደቆየ ግን ብዙም አልተነሳም። ኬሚስትሪ አንዱ ማሳያ ነው።

እኩልታ ማመጣጠን በብዙ ክፍል የቁጥር እንቆቅልሽ ሆኗል። በግራ 2፣ በቀኝ 3 እያሉ እስኪገጥም መሞከር ነው። ከገጠመ አለቀ፤ ምን ነደደ፣ ምን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የማብሰያ ሲሊንደር ውስጥ ያለውን ቡቴን ማየት ይበቃል። 2 የቡቴን ሞለኪውሎች በደንብ ለመንደድ 13 የኦክስጅን ሞለኪውል ይፈልጋሉ፤ 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድና 10 ውሃ ይወጣል። ቤቱ ተዘግቶ ኦክስጅኑ ወደ 9 ቢወርድስ? እኩልታው አሁንም ይመጣጠናል፣ ውሃውም ያው 10 ነው። በ8ቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቦታ ግን 8 ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀመጣል (በተግባር ሁለቱ ተደባልቀው ነው የሚወጡት)። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። በክረምት ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛን ቤተሰብ የሚፈጀው ይኸው ጋዝ ነው። እኩልታውን ወረቀት ላይ አስተካክሎ የጻፈ ልጅ፣ ማታ የከሰል ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል ሲያስገባ ምንም ትዝ ካላለው ምን ተማረ ይባላል?

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪው ይብሳል። ሪአክሽኖቹ እንደ ስልክ ቁጥር ይሸመደዳሉ፤ ከፈተና ማግስት ይረሳሉ። ነገሩ ግን ዘመድ ከዘመድ የሚገናኝበት ነው። 180 ግራም ግሉኮስ ሙሉ በሙሉ ቢብላላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ አንድ ግራም አይጎድልም። የጠጁን ጋን የሚያንተከትከው ያ ጋዝ ነው። ጠጁ አየር አግኝቶ ሲሰነብት ይኮመጥጣል፤ ባክቴሪያዎች አልኮሉን በኦክስጅን ወደ አሴቲክ አሲድ ለውጠውታል። አልኮልና እንዲህ ያለ አሲድ ሲጣመሩ ኤስተር ይሰጣሉ። ሞራና ዘይትም ኤስተሮች ናቸው፤ ከጠንካራ አልካሊ ጋር ሲቀቀሉ ሳሙና ይሆናሉ። ይህን ሰንሰለት የያዘ ተማሪ ግማሹን መንገድ ራሱ ይደርስበታል።

«ላብራቶሪ የለም» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙ ትምህርት ቤት የለውም። ጠጅ ሲኮመጥጥ ለማሳየት ግን ላብራቶሪ ማን ጠየቀ? ቋንቋውም አለ፤ ቤቱ «ኮመጠጠ» የሚለው ልጅ ክፍል ውስጥ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ ሲሰማ፣ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው አያገኝም።

መምህሩን ብቻ መውቀስ ግን አያዋጣም። ምዕራፍ ጨርስ ይባላል፤ ፈተናው ደግሞ ፊደል ማጥቆር ነው። የሚፈተነውን ያስተምራልና ለውጡ ከፈተና አውጪው ቢጀምር ይሻላል። የጎደለ ቁጥር ከማስሞላት ይልቅ ኦክስጅኑን ቀንሶ «አሁንስ ምን ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ ተጨማሪ በጀት አይፈልግም።